የስኳር በሽታን ወፍራም ሰው ላይ ብቻ መፈለግ ይብቃ

በወላይታ ዞን ቦምቤ አካባቢ የሚኖር አንድ የአርባ ዓመት ገበሬ ከሳ እንበል። ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለው፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ አበዛ፣ ጉልበቱም ከዳው። ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን፣ ታይፎይድን ወይም የሆድ ትላትልን ነው። የስኳር በሽታን ስም የሚያነሳ ቢገኝ እንኳ «እሱ ደግሞ ምን በልቶ ነው ስኳር የሚይዘው?» የሚል መልስ አይጠፋም። ስኳር የጠገበ ሰው፣ የከተሜና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው እምነት በሰው ዘንድም በጤና ተቋማት ውስጥም ሥር ሰዷል። ብዙ ሰው ዓይኑ ከፈዘዘ፣ እግሩ ከቆሰለ ወይም ራሱን ከሳተ በኋላ ብቻ በሽታው የሚታወቅለት በዚህ እምነት ምክንያት ነው።

እምነቱ እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታን በተመለከተ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሠራው ትልቁ የምርምር ሥራ ወፍራም ሰውነትን መነሻ ያደረገ ነው። የዚያ ሥራ ዋና ግኝት ውፍረትንና ስኳርን የሚያገናኘው አንዱ ድልድይ ዝቅተኛ ብግነት መሆኑ ነው፤ ማለትም ሰውየው ሳይታወቀው ለዓመታት ውስጥ ውስጡን የሚሄድ የሰውነት መቆጣት። ግኝቱ ትልቅ ነው። ከወላይታ ስናየው ግን ግማሹ ታሪክ ብቻ ነው፤ እዚህ ሰውነትን የሚያስቆጣው ነገር ስብ ብቻ አይደለምና።

እሾህ የወጋውን ጣት እናስብ። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል። ይህ ጤናማ ብግነት ነው፤ የሰውነት ዘብ ጠላት ባለበት ደርሶ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። ዝቅተኛ ብግነት ግን አይቀላም፣ አያምም፣ ትኩሳትም የለውም። እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ ጭሱ አይታይም እንጂ ሙቀቱ አለ። ሐኪሞች ከሚለኩበት መንገድ አንዱ ጉበት የሚያመነጨው ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከአንድ ሚሊግራም በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ ከአንድ እስከ ሦስት መካከለኛ፣ ከሦስት በላይ ከፍተኛ ይባላል። የሳንባ ምች የያዘው ሰው ከመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ዝቅተኛ ብግነት የሚባለው እንግዲህ በዚህች ከሦስት እስከ አሥር በምትሆን ጠባብ ክልል ውስጥ ለዓመታት የሚቆየው ነው።

የሁለቱ ዝምድና ፍንጭ የታየው ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ሐኪም ዊልሄልም ኤብስታይን፣ በ1901 ደግሞ የማንቸስተሩ ዊልያምሰን የአስፕሪን ዘመድ የሆነውን ሳሊሲሌት በከፍተኛ መጠን ሲሰጡ በሕመምተኞቻቸው ሽንት ውስጥ የሚወጣው ስኳር መቀነሱን ጽፈዋል። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ስላልነበረ ነገሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆየ። በ1993 ሆታሚስሊጊልና ስፒገልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በወፍራም አይጦች ስብ ውስጥ ቲ ኤን ኤፍ አልፋ የተባለው የብግነት መልእክተኛ መብዛቱን፣ እሱን ሲያግዱት ደግሞ የኢንሱሊን ሥራ መሻሻሉን አሳዩ። በ2001 የአሜሪካ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ሌላ ማስረጃ ጨመረ፤ ገና ስኳር ካልያዛቸው ሴቶች መካከል የሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲናቸው መጠን ከሁሉ ከፍ ያለባቸው፣ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ብግነቱ ቀድሞ ነበረ፤ ስኳሩ የመጣው ከኋላ ነው።

በስብ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የስብ ህዋስ ትርፍ ምግብ ሲመጣለት እያበጠ ይሄዳል። ከልክ ሲያልፍ የደም ሥሮች በቂ ኦክስጅን ማድረስ ያቅታቸዋል፣ ህዋሱም ይታመማል፣ ይሞታል። ያን ጊዜ ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት ጠራጊዎች ይመጡና የሞተውን ህዋስ ዙሪያውን እንደ አክሊል ይከቡታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በግልጽ የሚለይ ቅርጽ አለው። በ2003 ሁለት የምርምር ቡድኖች በወፍራም ሰውነት ስብ ውስጥ እነዚህ ጠራጊዎች እንደሚከማቹ አስረዱ። ሥራቸውን ሲሠሩ የሚለቁት ኬሚካል በዚያው አይቀርም፤ በደም ተጉዞ ጡንቻ ይደርሳል። ኢንሱሊን ጡንቻውን «በሩን ክፈትና ስኳሩን አስገባ» ሲለው መልእክቱ ህዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ መሃል መንገድ ላይ ይሰናከላል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ጉበትም በበኩሉ አቁም ቢባል አልሰማም ብሎ ስኳር ማምረቱን ይቀጥላል። ቆሽት ክፍተቱን ለመሙላት ኢንሱሊን እያበዛ ዓመታት ይታገልና ይደክማል። ድካሙን የሚያፋጥነውም ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የተባለ ሌላው የብግነት መልእክተኛ ነው።

ታዲያ ብግነቱን በመድኃኒት ብናጠፋው ስኳሩ አይጠፋም? ተሞክሯል። በ2007 ኢንተርሉኪን አንድን የሚያግድ አናኪንራ የተባለ መድኃኒት ለ13 ሳምንታት ሲሰጥ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ ልኬት ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር በ0.46 ነጥብ ቀነሰ። በ2013 ከዚያው ከሳሊሲሌት ወገን የሆነው ሳልሳሌት በ48 ሳምንታት 0.37 ነጥብ አወረደ። በየጤና ጣቢያው የምናገኘው ሜትፎርሚን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ነጥብ በላይ እንደሚቀንስ ለሚያውቅ ይህ ብዙ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ደግሞ በ2017 ይፋ የሆነው ካንቶስ የተባለው ጥናት ነው። የልብ ሕመም ደርሶባቸው የነበሩ 10,061 ሰዎች ካናኪኑማብ የተባለ ብግነት አብራጅ ወይም ማስመሰያ ተሰጣቸው። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ብግነቱ ቀነሰ፣ የልብ ሕመሙም ቀነሰ፤ አዲስ በስኳር የሚያዙት ሰዎች ቁጥር ግን አልቀነሰም።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው፦ ብግነት በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ውስጥ እውነተኛ ተሳታፊ ነው፣ ብቸኛው ጌታ ግን አይደለም። ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲንም ጠቋሚ እንጂ አድራጊ እንዳልሆነ የዘር ቅንጣቶችን የመረመሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ እሳቱን ማን ለኮሰው የሚለው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ባብዛኛው ሆድ ዕቃን የከበበ ስብ ነው። በእኛ አገርስ?

በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶው ስድስት የሚሆኑት የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። በዚያው ጥናት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውም ከመቶው ስድስት ገደማ ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤች ዲ ኤል ዝቅ ያለባቸው ከሦስት ሰዎች ሁለት ያህል ናቸው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ትኩረቴን ይስበዋል። ኤች ዲ ኤል የሚቀንሰው በውፍረት ብቻ አይደለም፤ ኢንፌክሽንና ብግነትም ይቀንሱታል። እንደ እኔ አመለካከት ይህ ቁጥር ቀጭን ሕዝብም በብዙ አቅጣጫ የሚቆጣ ሰውነት ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም ነው።

ወላይታ ላይ እነዚህን አቅጣጫዎች መቁጠር ይቻላል። ወጥ ቤት እንጀምር። በእንጨትና በገለባ በሚነድ ምድጃ ፊት በቀን ለሰዓታት የምትቀመጥ እናት የምትተነፍሰው ደቃቅ ብናኝ ሳንባዋ ላይ ብቻ አይቆምም፤ የሳንባው መቆጣት ወደ ደም ይሻገራል። በ2019 የነበረውን የዓለም የበሽታ ጫና ያሰላው ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳር ካደረሰው ጉዳት አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ከቤት ውስጥና ከውጭ አየር ብክለት ጋር አያይዞታል። ይህች እናት በሕይወቷ ለስላሳ መጠጥ ቀምሳ ላታውቅ ትችላለች።

ሁለተኛው አፍ ነው። የሚደማና የሚሸሽ ድድ በሰውነት ውስጥ ከሚገኙ የማያቋርጡ የብግነት ምንጮች አንዱ ነው። የስኳር ሕመምተኞች ድዳቸው በሚገባ ሲታከም የኤ ዋን ሲ ልኬታቸው በሦስትና አራት ወር ውስጥ 0.4 ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን የገመገመው የኮክሬን ትንተና በ2022 አሳይቷል። ይህ ከላይ ያነሣናቸው ብግነት አብራጅ መድኃኒቶች ካመጡት ጋር ተቀራራቢ ነው። መፋቂያችንን በየቀኑ፣ በትክክል፣ ድዱን ሳያቆስሉ መጠቀምን ማስተማር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከባድ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስኳር ያለበት ሰው በነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል፤ ነቀርሳው ደግሞ ብግነቱን አንድዶ የደም ስኳርን ያስነሳል። አንዱ ሌላውን ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ሁለቱ በአንድ ላይ እንዲመረመሩ መመሪያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የከሳውን ገበሬ አክታውን መርምሮ «ነቀርሳ የለብህም» ብሎ መመለስ ታዲያ የምርመራው መጨረሻ ሊሆን አይገባም። ነቀርሳ ቢገኝበትም ቢሆን ጣቱ ሊወጋ ይገባል።

አራተኛው የወላይታን ስም በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ያስገባው የእግር ሕመም ነው። ፖዶኮኒዮሲስ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ለዓመታት የሚሠሩ ሰዎችን የሚይዝ፣ ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ውስጥ የሚቀሰቅሱት ሥር የሰደደ ብግነት ነው። በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው አምስት ያህሉ እንደተያዙ ገመተ። በ2012 ደግሞ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው የፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቹ ጥናት ሁሉም ባዶ እግሩን ቢሄድም አንዳንዱ ብቻ የሚታመመው ለምን እንደሆነ ከመከላከያ ሥርዓት የዘር ቅንጣቶች ጋር አገናኝቶ አስረዳ። ጥናቱ የተሠራው ከደቡብ ኢትዮጵያ በተገኙ ሰዎች ነው። ይህ እግር ስኳር ያመጣል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በስኳር ምክንያት ስሜቱ የደነዘዘ እግር ያለ ጫማ ቀይ አፈር ላይ ሲቆም፣ ያበጠና የተሰነጠቀ እግር ደግሞ ስኳር ሲጨመርበት ምን እንደሚከተል ሐኪም ብቻ ሳይሆን ቁስል ያጠበ ሁሉ ያውቃል። ሶዶን ማዕከል አድርጎ ለዓመታት የእግር ሕመምተኞችን ሲረዳ የቆየው የሞሲ ፉት ማኅበር እግር ማጠብን፣ ቅባትንና ጫማን አስተምሯል። የስኳር እግር እንክብካቤም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። እግሩ በሚታጠብበት ቦታ ስኳሩን መለካት ተጨማሪ ሕንጻ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ውስብስብ ነው፤ የሆድ ትላትል።

ወላይታ ገሺያሮ የተባለው ፕሮጀክት የተካሄደባት ዞን ናት። ጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በዞኑ ወረዳዎች በሕፃናት ብቻ ሳይወሰኑ ኅብረተሰቡን ሁሉ በአልቤንዳዞልና በፕራዚኳንቴል በማከም፣ ከውሃና ከንጽሕና ሥራ ጋር በማጣመር፣ የአንጀት ትላትልና የብልሃርዚያን መተላለፍ ጨርሶ ለማቋረጥ ተነሡ። የጥናቱ ዕቅድ የታተመው በ2019 ነው። በአገራችን የጤና ታሪክ ትልቅ ሥራ ነው። ትላትል የሕፃኑን ደም ይመጥጣል፣ ዕድገቱን ያቀጭጫል፣ ትምህርቱን ያሰናክላል፤ መወገዱ አያከራክርም።

ግን ትላትል ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመት ሲኖር የሰውን የመከላከያ ሥርዓት ማለዘብን ተምሯል። እንዳይባረር ሲል ዘቡን ያረጋጋል። በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የአይጥ ጥናት በትላትል የተያዙ አይጦች ስብ ውስጥ ኢዮሲኖፊል የተባሉት ህዋሳት በዝተው፣ የስኳር አያያዛቸው እንደተሻሻለ አሳየ። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት የሚኖሩ ትላትል ያለባቸው ሰዎች የኢንሱሊን አሠራራቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ደሴት በ2017 ይፋ የሆነ የአልቤንዳዞል ሙከራ ደግሞ ጥያቄውን በቀጥታ ፈተነው፤ በአጠቃላይ ሕዝቡ ላይ ለውጥ አልታየም፣ ትላትል በነበረባቸው ሰዎች ላይ ግን ከሕክምናው በኋላ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ቀነሰ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዎቹ ትንሽ ክብደት መጨመራቸው ነው። ሌላው የኢዮሲኖፊል መቀነስ ነው። ይህ ማለት ግን ሰዎቹ የስኳር በሽተኛ ሆኑ ማለት አይደለም።

የትላትልና የመከላከያ ሥርዓት ዝምድና ለኢትዮጵያ ሳይንስ እንግዳ አይደለም። በጅማ የተደረጉና በላንሴት መጽሔት በ1997 እና በ2001 የወጡ ጥናቶች በገጠር አስም ከከተማ ያነሰ መሆኑን፣ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎችም በደረታቸው የሚያፏጨው ትንፋሽ አነስተኛ መሆኑን መዝግበዋል። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ታሪክም አለ። ከ1984 እስከ 1991 በሁለት ትላልቅ ዘመቻዎች የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጭን ነበሩ፤ ገና በ1988 የታተመ ጥናት በወጣት ስደተኞቹ መካከል ከፍተኛ የስኳር በሽታ ማየቱን ጻፈ። በ1990ዎቹ ደግሞ ትላትል ሁልጊዜ አያለዝብም የሚያሰኝ ነገር ታየ፤ ዝቪ ቤንትዊች የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ እነዚህ ሰዎች ከትላትል ጋር የተያያዘ፣ ያለ ዕረፍት የነቃ የመከላከያ ሥርዓት ይዘው እንደሚመጡ አሳዩ። የኑሮው ለውጥ፣ ምግቡ፣ የእንቅስቃሴው መቀነስ፣ ምናልባትም የትላትሉ መወገድ አንድ ላይ ተደርበው ሳይሆን አይቀርም በሽታው የጎላው።

ከዚህ ሁሉ የሚመጣው ትምህርት «ትሉ ይቆይ» የሚል አይደለም። እንዲህ የሚል ካለ የወላይታን ሕፃናት ደም ማነስ አላየም። የምለው ሌላ ነው። አንድ ዞን ሙሉ ሕዝብ ትላትሉን ሲያራግፍ የሕዝቡ የስኳር አያያዝ እንዴት እንደሚሆን አብሮ መከታተል ተገቢ ነው። ሰው ለሰገራ ምርመራ ተቆጥሯል፣ ቤቱ ተመዝግቧል፣ ሠራተኛው በሩ ድረስ ሄዷል። በዚያው ጉዞ የጣት ጠብታ ደም መውሰድ ምን ያህል ይከብዳል? በተመሳሳይ ዓመታት ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆናለች፣ ባጃጁ የእግር መንገዱን ወስዶታል፣ የሚረጋው ዘይትና ለስላሳ መጠጡ ገጠር ድረስ ዘልቋል። የሰዉ ሰውነት በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሁለቱም ወገን እየተለወጠ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቀጭን የሆነ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ የብግነት ውጤት አይደለም። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ «ዓይነት አምስት» ብሎ ያወጀው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ለኢትዮጵያ ሐኪሞች አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድር ገና ከዐሥርት ዓመታት በፊት ስለዚህ በሽታ ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞችን መርምረው ጽፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 የሰጠውን ስም በ1999 ሲሰርዝ የጎንደሯ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቿ ዝም አላሉም፤ በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለ መጽሔት ላይ ጉዳዩ እንደገና ይከፈት ብለው ሞገቱ። መረጃቸውን ያመጡት ከጎንደርና ከጅማ ድሃ ገበሬዎች ነው። በሕንድ ቬሎር በ2022 የተሠራ ጥናትም እነዚህ ሰዎች ዋና ችግራቸው ኢንሱሊን አለማመንጨት እንጂ ኢንሱሊንን አለመስማት እንዳልሆነ አረጋገጠ። ለሕክምናው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምሳው እርግጠኛ ላልሆነ ገበሬ ብዙ ኢንሱሊን መስጠት ስኳሩን ከልክ በታች ጥሎ ሊገድለው ይችላል። ወላይታ ውስጥ ቀጭን ሕመምተኛ ሲገኝ ሐኪሙ እንደ ወፍራሙ ቆጥሮ ማከም የለበትም።

ስለ መድኃኒት ከተነሳ ስለ ዝንጅብል ሳይባል አይታለፍም፤ ቦሎሶ ቦምቤ የዝንጅብል አገር ነውና። በ2012 እ.ኤ.አ. የደረሰው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ማሳውን እስኪያራግፈው ድረስ ዝንጅብል የዚህ አካባቢ ገበሬ ዋና የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ ዝንጅብል «ብግነት አብራጅ» ተብሎ በዱቄትና በእንክብል ይሸጣል። አንዳንድ ትናንሽ ጥናቶች ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲንንና የባዶ ሆድ ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ዝንጅብሉን በሻይ ጠጡት፣ በዳጣ ብሉት፤ ሜትፎርሚን ትቶ ዝንጅብል የያዘ ሰው ግን ዕድሜውን ይከፍላል። እንዲያውም ለቦምቤ ገበሬ ጤና ዝንጅብል የሚጠቅመው ከምንም በላይ ማሳው ሲያገግም ይመስለኛል፤ ለመድኃኒት፣ ለጤና መድን መዋጮና ለጫማ የሚሆነው ገንዘብ ከዚያ ይመጣልና።

ከዝንጅብል ይልቅ የሚያስፈራኝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ነው። ብግነትን ከሁሉ በላይ የሚያበርዱት እነ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ናቸው፤ የደም ስኳርን ከሚያንሩት መድኃኒቶች ዋነኞቹም እነሱ ናቸው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም በየጊዜው መርፌውን የሚወጋ ሰው ስኳሩን በገዛ እጁ ሊቀሰቅስ ይችላል። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክም ስኳር ያዳከመውን ኩላሊት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። «ብግነት ስኳር ያመጣል» የሚለው ግማሽ እውቀት ብግነት አብራጅ ወደ መግዛት ካመራ፣ አለማወቅ ይሻል ነበር።

የሚሠራው ነገር በጤና ሥርዓቱ ውስጥ ቀድሞም አለ፤ የጎደለው መገናኘቱ ነው። በቦምቤም በሶዶም በየጤና ጣቢያው የነቀርሳ ክፍል አለ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል አለ፣ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል አለ። ሰውነቱ የተቆጣ ሰው በእነዚህ በሮች ይገባል። በእነዚህ በሮች የሚገባ ጎልማሳ ሁሉ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ስኳሩ ቢለካ ዛሬ ሳይታወቁ የሚኖሩትን ብዙዎችን እናገኛለን። በትኩሳት ወይም በወባ ጊዜ ከፍ ያለ ስኳር ጊዜያዊ ሊሆን ስለሚችል ከዳነ በኋላ ይደገም። የመለኪያው ወረቀትና ሜትፎርሚኑ ከመደርደሪያ እንዳይጠፉ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ሰው «ውጭ ግዛ» እንዳይባል ማድረግ የዞኑና የክልሉ ጤና ቢሮዎች ኃላፊነት ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የራሳቸውን ሕዝብ ብግነት በራሳቸው ላቦራቶሪ ሊለኩ ይገባል። ከሦስት በላይ ከፍተኛ ነው የሚለው መስፈርት ወባና ነቀርሳ ባልበዛበት አገር የወጣ ነው፤ ለእኛ የሚሆነውን ማንም ሌላ አያወጣልንም።

አንባቢዬ፣ ከቤትህ ሰው ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ውሃ የሚያበዛ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ፣ ወይም ቁስሉ አልድን ያለ ካለ፣ ምን ያህል ቀጭን ቢሆን በባዶ ሆዱ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደውና ስኳሩን አስለካው። በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው፤ ሕክምናውም በዚያው ቀን ይጀመር።